አበባው ለምን ተሳካ፣ ቆዳው ለምን ወደቀ? ስለ መንግሥትና ኢንዱስትሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደቡብ ኮሪያ በመንግሥት መሪነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ የኢንዱስትሪ አገር ሆነች ሲባል እንሰማለን። የእኛም መንግሥት ላለፉት ሃያ ዓመታት ለባለሀብቱ ርካሽ ብድር፣ የግብር እፎይታ፣ መሬት፣ በመጨረሻም ተሠርቶ ያለቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰጥቷል። ታዲያ ፋብሪካዎቻችን ለምን አላደጉም? መንግሥት ከዚህ ሥራ እጁን ማውጣት አለበት ወይስ ይበልጥ ማስገባት? ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቢታገድስ የአገር ውስጥ አምራች አያድግም?»

ምላሽ፦

መንግሥት በኢንዱስትሪ ጉዳይ እጁን ያስገባ ወይስ ያውጣ የሚለው ክርክር በአገራችን ብዙ ስብሰባ የበላ ቢሆንም፣ በዚህ መልኩ እስከቀረበ ድረስ መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም። ዛሬ በኢንዱስትሪ በልጽገዋል ከሚባሉት አገሮች መካከል መንግሥቱ ጨርሶ ዳር ቆሞ የተመለከተበትን ማግኘት ይቸግራል። እንግሊዝ የሱፍ ኢንዱስትሪዋን ለረጅም ዘመን በቀረጥና በክልከላ ጠብቃለች፤ አሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እጅግ ከፍተኛ የጉምሩክ ታሪፍ ከነበራቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ የጃፓን የሜጂ መንግሥትም ፋብሪካዎችን ራሱ አቋቁሞ ኋላ ለግል ባለሀብቶች ሸጧቸዋል። በአንጻሩ መንግሥት እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ይህ ነው የሚባል ነገር ያላተረፈባቸው አገሮችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የጣልቃ ገብነቱ መጠን ብቻውን ስለ ውጤቱ የሚነግረን ነገር የለም። በእኔ ግምት ልዩነቱን የሚፈጥረው መንግሥት ለሰጠው ድጋፍ በምላሹ ምን ጠየቀ፣ የጠየቀው ሳይሟላ ሲቀርስ የሰጠውን ለመንሣት አቅሙም ድፍረቱም ነበረው ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማሳየት ኮሪያን በአጭሩ ካነሣሁ በኋላ ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ፤ ከአገር ቤትም አበባን፣ ቆዳንና ስኳርን እወስዳለሁ።

አስቀድሞ ግን በልማድ የሚነገር አንድ ነገር መታረም አለበት። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርሱ ያዩት አገር በጦርነት የፈራረሰ ድሃ አገር እንደነበር እውነት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ «ያኔ እኩል ነበርን» ማለት ግን ነገሩን ማጣመም ይሆናል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ባካሄደችው የመሬት ሥሪት ለውጥ መሬቱን ከባላባቱ ወደ አራሹ አዛውራ ነበር፤ በ1960 ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የደረሱት ልጆቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። እኛ መሬት ለአራሹን ያወጅነው በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝባችን ፊደል አልቆጠረም። ፋብሪካ መመሪያ አንብቦ የሚሠራ ሰው ይፈልጋልና ይህን የመነሻ ልዩነት የዘለለ ንጽጽር የትም አያደርስም።

የኮሪያ መንግሥት የሠራው ሥራ ግን በዚህ አይቀንስም። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን እንደያዙ ንግድ ባንኮችን በመንግሥት እጅ አደረጉ፤ ያለ አግባብ በልጽጋችኋል ተብለው የታሰሩ ታላላቅ ነጋዴዎችንም ፋብሪካ ለመትከል ሲስማሙ ለቀቋቸው። በ1964 የአገሪቱን ገንዘብ ከ130 ዎን ወደ 255 ዎን በዶላር አወረዱት። ከዚያ በኋላ ተራው ተበዳሪ ከባንክ 25 በመቶ ገደማ ወለድ ሲከፍል፣ ኤክስፖርት የሚያደርገው በ6 በመቶ ገደማ ይበደር ጀመር። ይህ ልዩነት ሀብታም የሚያደርግ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ብድሩ የሚለቀቀው ከውጭ ገዢ የመጣ ትእዛዝ ወይም ኤልሲ (የገዢው ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ሲቀርብ ነበርና የሚሰጠው ሰነዱን በእጁ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በየወሩ በሚመሩት የኤክስፖርት ስብሰባ ላይ ሚኒስትሮች፣ የባንክ ኃላፊዎችና ላኪዎች ይቀመጣሉ፤ የየምርቱ የወር አፈጻጸም ይነበባል፤ ጉምሩክ ላይ የታሰረ ዕቃ ካለ የሚመለከተው ሹም እዚያው ይጠየቃል። በ1964 100 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው የአገሪቱ የወጪ ንግድ በ1977 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

የውጭ ገበያን መለኪያ ማድረጉ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። በአገር ውስጥ ገበያ ላይ ባለፋብሪካው በትውውቅ ሊያተርፍ ይችላል፤ ኒውዮርክ ያለ ሸሚዝ ገዢ ግን የሴኡልን ባለሥልጣን አያውቅም፣ ቢያውቅም ግድ አይሰጠውም። በመሆኑም መንግሥቱ ማን እንደ ሠራና ማን እንዳልሠራ ለመለየት ብዙ ባለሙያና ብዙ ተቆጣጣሪ አላስፈለገውም፤ ፈተናውን የሚያርመው ሌላ ሰው ነበር። ስለ ኮሪያ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነጥብ ነው፤ ስለ ብድሩ ይወራል፣ ብድሩን ስለሚያስከለክለው ነገር አይወራም።

ፖስኮ የተባለው የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የዓለም ባንክ ፕሮጀክቱ አያዋጣም ብሎ አልደግፍም ካለ በኋላ ኮሪያውያን ከጃፓን ያገኙትን የካሳ ገንዘብ አዙረው ሠሩት፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1973 ብረት ማቅለጥ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም በዓለም ርካሽ ብረት ከሚያመርቱት አንዱ ሆነ። መንግሥት የባለሙያን ምክር አልፎ ሄዶ ተሳካለት የሚሉ ሁሉ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የታወጀው የከባድና የኬሚካል ኢንዱስትሪ ዘመቻ ከመጠን ያለፈ አቅም ተክሎ፣ የዋጋ ንረት አባብሶ፣ በ1980 ኢኮኖሚው ወደ ኋላ እስከ መሄድ ደርሷል። የሠራተኛው ማኅበራት ታፍነው፣ የሥራው ሰዓት እጅግ ረዝሞ የተገኘ ዕድገት እንደነበርም መሸፈን የለበትም። ኮሪያን በምሳሌነት የምናነሣ ሰዎች ይህንን ዋጋ ጭምር ማንሣት ይገባናል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በኢትዮጵያ መንግሥት ከኢንዱስትሪ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በንጉሡ ዘመን የአምስት ዓመት ዕቅዶች ነበሩ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠራ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በ29ኙ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካ የሚለካው በትርፉ ሳይሆን በኮታው ሆነ። ከ1983 በኋላ ብዙዎቹ ወደ ግል ተዛወሩ። ጠያቂው ያነሡት የሃያ ዓመት ታሪክ የሚጀምረው በ1994 ዓ.ም. ከወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ነው፤ ስትራቴጂው የግሉን ዘርፍ ሞተር፣ መንግሥትን መሪ አድርጎ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ዘርፎች ለየ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመሩት፣ በኮሪያው አምሳል የተቀረጸ የኤክስፖርት አስተባባሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። በወረቀት ደረጃ ኮሪያ የነበራት ነገር ሁሉ ነበረን ለማለት ያስደፍራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሳካው አበባ ነው። አበባ እርሻ እንጂ ፋብሪካ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ከብዙ ፋብሪካ የተሻለ ትምህርት አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ የሚወጣው ጽጌረዳ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ በ2000 ዓ.ም. ከዘርፉ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ከ100 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ አገሪቱም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ ላኪ ሆነች። መንግሥት የሰጠው ከሌላው ዘርፍ እጅግ የተለየ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቁ አካባቢዎችና በዝዋይ ዙሪያ መሬት በአነስተኛ ኪራይ አቀረበ፤ የልማት ባንክ ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 70 በመቶ አበደረ፤ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ የግብር እፎይታ ተሰጠ።

ወሳኙ ነገር ግን አየር ማጓጓዣው ነበር። ጠዋት የተቆረጠ ጽጌረዳ ግንዱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ተመርጦ፣ ታስሮ፣ ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ማታ ቦሌ ደርሶ ጭነት ላይ ካልዋለ በማግስቱ በሆላንድ ገበያ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይም ይጣላል። በዚህ መካከል አንድ የጭነት በረራ ከቀረ አበባው ቆሞ አይጠብቅም። አምራቾቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማኅበራቸውን አቋቁመው በአንድ ድምፅ ይናገሩ ስለነበር፣ አየር መንገዱ ደግሞ የመንግሥት ስለሆነ፣ ችግሩ ሲነሣ ሊፈቱት የሚችሉት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት ይችሉ ነበር። የጭነት ቦታ ተመደበ፣ በቦሌ የማቀዝቀዣ መጋዘን ተዘጋጀ። ከዚህ ላይ የአበባ ገበያ ምሕረት የማያውቅ መሆኑ ተጨመረበት፤ የሚበላሸውና የሚደናቀፈው እርሻ በአንድ ወቅት ውስጥ ይታወቃል፤ ብድሩን ዘርፍ እያቀያየሩ መሸሸግ አይቻልም። (ለእርሻዎቹ መሬታቸውን የለቀቁ አርሶ አደሮች የተከፈላቸው ካሳ እና በዝዋይ ሐይቅ ላይ የደረሰው የኬሚካል ጫና ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ዘርፉ ተሳካ ስል ሁሉም ተጠቀመ ማለቴ አይደለም።)

ቆዳ በዚህ ሁሉ የተሻለ ዕድል ነበረው። በአፍሪካ ከብት በብዛት ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ የደጋው በግ ሌጦ፣ በተለይ በንግዱ ዓለም በሰላሌ ስም የሚታወቀው፣ ለጓንት ተመራጭ ነው፤ የባቲ የፍየል ሌጦም በስሙ የሚጠራ ገበያ ነበረው። ፋብሪካው አለ፣ ሙያው አለ፣ ታዋቂ ጫማ ሠሪ ድርጅቶችም ነበሩ። መንግሥትም ዘርፉን ከልቡ ደገፈ። ኢንስቲትዩት አቋቋመለት፤ ኢንስቲትዩቱንም ከሕንድ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር አቆራኘው፤ ብድር ሰጠ። ከሁሉ የከበደው እርምጃ በ2000 ዓ.ም. መጣ፤ ጥሬ ቆዳና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፤ በ2004 ደግሞ ክረስት የሚባለው፣ ለፍቶ ደርቆ የመጨረሻው አጨራረስ ብቻ የቀረው ቆዳ በዚሁ ቀረጥ ሥር ገባ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጥሬውን መላክ ካልተቻለ ባለፋብሪካው ሳይወድ በግዱ ያለቀለት ቆዳ፣ ከዚያም ጫማና ቦርሳ ይሠራል፤ ዶላሩም ይጨምራል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጨረሻ፣ ማለትም በ2007 ዓ.ም.፣ ከዘርፉ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ይገኛል ተብሎ ታቀደ፤ የተገኘው 130 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህም ወረደ እንጂ አልወጣም።

የት ላይ ተበላሸ? የቆዳን ጉዞ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በጉ ገና በሕይወት ሳለ በእከክ ይያዛል፤ በቆዳው ላይ የሚቀረው ጠባሳ ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ እስኪነሣ ድረስ አይታይም፤ ከታየ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ኬሚካል አይጠፋም። በጉ የሚታረደው በአብዛኛው በቄራ ሳይሆን በየግቢው፣ ያውም በጥቂት የበዓል ቀናት ነው፤ የሚገፈፈው በተገኘው ቢላ ስለሆነ ሌጦው ይቀደዳል፣ ይወጋል። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት መበስበስ ይጀምራል። ከግቢው የሚሰበስበው ሰው ለትንሽ ነጋዴ፣ ትንሹ ነጋዴ ለትልቁ፣ ትልቁ ለፋብሪካው ይሸጣል፤ በየደረጃው የሚከፈለው በቁጥር እንጂ በጥራት ባለመሆኑ ሌጦውን ተጠንቅቆ የገፈፈ ሰው ካልተጠነቀቀው በላይ የሚያገኘው ነገር የለም። ሞጆ ያለው ፋብሪካ በሩ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው፤ ከመቶ ሌጦ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እጅግ ጥቂት ይሆናል።

እንግዲህ የዘርፉ ማነቆ ያለው ከፋብሪካው በር ወዲያ፣ በገበሬው በረትና በየቤቱ ጓሮ ሆኖ ሳለ፣ ፖሊሲው ያነጣጠረው ከፋብሪካው በር ወዲህ ነበር። ቀረጡ የውጭ ገዢውን ከገበያው ሲያስወጣው ለጥሬ ቆዳው የቀረው ገዢ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ፤ የጥሬ ቆዳ ዋጋም ለገዢው እየተመቸ ሄደ። ፋብሪካው ርካሽ ጥሬ ዕቃ በማግኘቱ ለጊዜው ተጠቀመ፤ ለገበሬውና ለሰብሳቢው ግን ጨው ገዝቶ የሚደክምበት ምክንያት ጠፋ። ከዚያ ላይ ቆዳው የሚለፋበት ኬሚካል ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ፋብሪካዎቹ የምንዛሪ ወረፋ ውስጥ ገቡ፤ ኬሚካል ሲያጡ ቆዳ መግዛት ያቆማሉ፣ ቆዳው ይበሰብሳል። ከዓመታት በፊት በፋሲካ ማግስት የአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» በሚል ጩኸት ይሞሉ ነበር፤ ከመቶ ብር በላይ ያወጣ የነበረ የበግ ሌጦ ዛሬ ወሳጅ አጥቶ ከቆሻሻ ጋር አጥር ሥር ሲጣል ያላየ የከተማው ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ሰዎች ይህን የንግዱ ክፋት አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የዚያ ቀረጥ ረጅም ጥላ ሆኖ ይታየኛል። ቀረጡ በራሱ ስሕተት ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ከጎኑ መሄድ የነበረበት የእከክ መከላከል፣ የቄራ ማስፋፋትና በደረጃ የመክፈል ሥራ አለመሄዱ ነው ስሕተቱ። እሱ ደግሞ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥራ አይደለም፤ የግብርናው፣ የወረዳው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። አዋጅ በአንድ ቀን ይወጣል፤ በግን ከእከክ ማዳን ግን በየዓመቱ፣ በየቀበሌው የሚደጋገም አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባንም አይቆረጥበትም።

ስኳር ደግሞ በሌላ መንገድ ወደቀ። በዚያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር የሚደርሱ አዳዲስ ፋብሪካዎች ተተክለው የአገሪቱ ምርት 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ቶን ይደርሳል ተባለ፤ በዕቅዱ ማብቂያ የተመረተው የዚህን ሩብ አልሞላም፤ አገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን ቀጠለች። እዚህ ላይ ባለፕሮጀክቱ መንግሥት ነበር፤ ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ የመንግሥት፣ በ2002 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙዎቹን ፋብሪካዎች እንዲገነባ ሥራው የተሰጠው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጠራሩ ሜቴክ፣ እሱም የመንግሥት። ሥራው ሲዘገይ ውል አፈረስክ ብሎ የሚከስ፣ ዋስትናውን የሚወርስ፣ ብድሩን የሚያቆም ወገን አልነበረም፤ ከሳሹም ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ቤት ያደሩ ናቸው። አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ባለመድረሱ በማሳ ላይ የቀረበት ጊዜም ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት መንግሥት ፋብሪካ አይሥራ የሚል አይደለም፤ ፖስኮም የመንግሥት ነበር። መንግሥት ራሱ ሲሠራ ከውጭ የሚመዝነው አካል ከግሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል የሚል ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ጠያቂው በተዘዋዋሪ አንሥተውታልና ሳልነካው አላልፍም። ፓርኩ በዘጠኝ ወር ተሠርቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መብራቱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው፣ የአንድ መስኮት አገልግሎቱ በአጥሩ ውስጥ ተሟልቶ፣ እንደ አሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ያለ ትልቅ ገዢ ሌሎቹን አምራቾች ይዞ ገባ። በአሠራር ረገድ መንግሥት ከሠራቸው ሥራዎች እጅግ ከተሳኩት እመድበዋለሁ። ድክመቱ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ በአብዛኛው ከእስያ ይመጣል፤ እዚህ የሚጨመረው የልብስ ሰፊዎቹ ጉልበት ነው። የጀማሪዋ መነሻ ደመወዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወር 750 ብር ገደማ ስለነበር ከገጠር የመጡት ወጣቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሠርተው የሚለቁት ብዛት ፋብሪካዎቹን ለማያልቅ የሥልጠና ወጪ ዳረጋቸው። በመጨረሻም ፓርኩ የቆመበት ዋናው ምሰሶ የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነበር፤ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዕድሉ ስትታገድ፣ ያ ትልቅ ገዢ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የመንግሥት የኢንዱስትሪ ሚና ሲባል ፓርክ መገንባት ብቻ የሚመስለን ከሆነ፣ ሰላምን መጠበቅ ከየትኛውም ማበረታቻ የሚቀድም የኢንዱስትሪ ፖሊሲ መሆኑን ይህ ጉዳይ በሚገባ ያሳያል።

እስካሁን ያላነሣሁት፣ በእኔ ሚዛን ግን ከሁሉም በላይ ያጠፋው የምንዛሪ ተመኑ ነው። ኮሪያ ኤክስፖርትን መደገፍ ስትጀምር አስቀድማ ገንዘቧን አረከሰች፤ እኛ ግን ላኪውን በአንድ እጃችን እያበረታታን በሌላው እጃችን ብሩን ከዋጋው በላይ አስወድደን ይዘን ቆየን። ውጤቱን ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ነጋዴ ቡናውንም ሰሊጡንም በኪሳራ ይልክ ነበር፤ በሚያገኘው ዶላር ብረት ወይም መኪና አስገብቶ ኪሳራውን እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። አስመጪነት እንዲህ እያተረፈ ማን ሞኝ ነው ፋብሪካ ተክሎ፣ ኤልሲ ለመክፈት ወራት ተሰልፎ፣ ከሠራተኛና ከመብራት መቆራረጥ ጋር የሚታገል? ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ማዛባት ተቃለለ፤ ይሁን እንጂ ማሽንና ኬሚካል በውጭ ገንዘብ የሚገዛው አምራች ወጪው በአንድ ጊዜ አሻቀበበት፤ ለውጡ የተደረገው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያውም በችግር ጊዜ ስለሆነ ጥቅሙ ቶሎ አይታይም።

የልማት ባንክም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ባንኩ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ከሰጠው ብድር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። የተበዳሪው ኤክስፖርት ሳይታይ፣ የመሣሪያው ዋጋ ተጋንኖ ሳይመረመር የተለቀቀ ገንዘብ በውስጡ ብዙ ነው። ኮሪያ ውስጥ ብድርን ያስቆም የነበረው የወሩ የኤክስፖርት አኃዝ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ አኃዝ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ብድሩ ግን ይራዘማል። ፋብሪካው ቢዘጋ ሠራተኛው ይበተናል የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ክርክሩ ከንቱ ባይሆንም ይህንኑ የሚያውቅ ተበዳሪ ግን ለመሥራት አይቸኩልም።

በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ በመርካቶና በዙሪያዋ ያሉት አነስተኛ ጫማ ሠሪዎች ያለቀላቸው መስሎ ነበር። ብዙዎች ከሥራ ወጡ፤ የቀሩት ግን ንድፉን ገልብጠው፣ ሶሉን አሻሽለው፣ ከቆዳ የተሠራ ጫማ ከፕላስቲኩ የበለጠ እንደሚበረክት ገዢው እስኪያውቅ ጠብቀው ገበያቸውን አስመለሱ። እነዚህ ሰዎች የግብር እፎይታ አልተሰጣቸውም፤ ፓርክም አልተሠራላቸውም። የቸገራቸው የመሥሪያ ቦታ፣ አነስተኛ ብድርና የማይቆራረጥ መብራት ነበር። የመንግሥት ዓይን ለምን ዘወትር ወደ ትልቁ ፋብሪካና ወደ ውጭ ባለሀብቱ እንደሚሄድ ይገባኛል፤ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ለዘገባ ይመቻል። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ «ፋብሪካዎቻችን ለምን አላደጉም» ሲባል፣ ማደግ ይችሉ የነበሩት እነማን እንደነበሩም አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለ ዕቃ እገዳ ለተነሣው የመጨረሻ ጥያቄ መልሴ እንደ ሁኔታው ነው። ኮሪያ የውጭ መኪናን እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ድረስ፣ የጃፓንን መኪና ደግሞ እስከ 1999 ድረስ ከገበያዋ አርቃለች፤ ሃዩንዳይ ግን በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲያንቀላፋ አልተተወም፤ በ1976 ፖኒ የተባለችውን መኪና ወደ ውጭ መላክ ጀምሮ በ1986 አሜሪካ ገባ። እኛ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው አግደን በሐምሌ 2016 አንሥተናል። ያ እገዳ ዶላር ለመቆጠብ የወጣ ስለነበር የትኛው አምራች በምን ያህል ጊዜ ምን እንዲደርስ እንደሚጠበቅ የሚል ነገር አልነበረበትም፤ ስለዚህም እንደ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ልመዝነው አልችልም።

ይልቅ አሁን በሥራ ላይ ያለውን የመኪና ጉዳይ መከታተል ይጠቅማል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ፣ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት ደረጃ ያለው ቀረጥ አስቀምጧል፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባ ከቀረጥ ነፃ ነው፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ያለቀ 15 በመቶ ይከፍላል። ይህ አስመጪውን ወደ ገጣጣሚነት የሚገፋ በመሆኑ በአቅጣጫው አልቃወመውም። ጉድለቱ ግን ደረጃው ዜሮ ላይ ማለቁ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ በሣጥን አስገብቶ ብሎን የሚያጠብቅና መቀመጫውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ የጎማ ዕቃውን እዚሁ የሚያሠራ ገጣጣሚ እኩል ዜሮ ይከፍላሉ። ደንቡ የሚሻሻልበት ጊዜ ሲመጣ፣ ነፃነቱ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ ተሰጥቶ ከዚያ ወዲያ በአገር ውስጥ በተሠራው ድርሻ ልክ እንዲራዘም፣ ድርሻውን የሚያረጋግጠውም ማበረታቻውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተለየ አካል እንዲሆን፣ የእያንዳንዱ ገጣጣሚ አፈጻጸምም በየዓመቱ በይፋ እንዲታተም ቢደረግ፣ ቆዳ ላይ ያጣነውን ነገር እዚህ ላይ ለማግኘት ጊዜው ገና አላለፈም።